የገበያነሽ ሸክላ

ኢንስፔክተር ዘመነች ስትደርስ ሸክላው አሁንም ይሽከረከር ነበር። ዘፈኑ ካለቀ ቆይቷል። መርፌው ግን መሃል ደርሶ መውጫ አጥቶ በየዙሩ «ጭክ» ይላል። ከሥሩ አቶ መሸሻ በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ዓይናቸው ገርበብ እንዳለ ነው።

«ለምን አላጠፋችሁትም?» አለች።

«ማን ይንካው?» አለ ሃምሳ አለቃ ኤባ። ኤባ ስንት አስከሬን ያነሳ ፖሊስ ነው፤ ዛሬ ግን ከደጃፉ አላለፈም። «የሞተች ሴት ናት የዘፈነችው ይላሉ። ሁሉም ሰምተዋታል።»

«የሞተች ከሆነች ቃሏን ለመቀበል እንቸገራለና» ብላ መርፌውን በእስክሪብቶ ጫፍ አነሳችው። ጸጥታው ከምቱ ይልቅ ከበዳት።

ቦታው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ያለ የሠርግ አዳራሽ ነው። ሠርግ ሲጠፋ ለመጣው ሁሉ ይከራያል፤ የዚህ ቅዳሜ ተከራዮች የሸክላ ወዳጆች ናቸው። ሙሽሮች በሚቀመጡበት መድረክ ላይ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻዎች፣ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ስፒከሮችና በእጅ የተሠሩ አምፕሊፋየሮች ለጎብኚ ተደርድረዋል። ሙሽራዋ የምትዋብበት የጓሮ ክፍል ደግሞ ግድግዳው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ «የማዳመጫ ክፍል» ተብሏል። ትልቁን መስታወት ግን ያወረደው የለም። ዘመነች ቀና ባለች ቁጥር ራሷን፣ ሸክላውንና ሬሳውን አንድ ላይ ታያለች፤ አልወደደችውም።

ኤባ የሰማውን ነገራት። ለምሳ ጎብኚው ሁሉ ሲወጣ ግቢው ውስጥ የቀሩት ከሟች ሌላ አራት ሰዎች ናቸው። የትርዒቱ አዘጋጅ አቶ መሸሻ ከሰዓት በኋላ ለሕዝብ የሚያሰሙትን ሸክላ ሊያዘጋጁ ማዳመጫው ክፍል ገብተው ወደ አዳራሹ የሚያስወጣውን በር ከውስጥ ቀረቀሩ። ጥቂት ቆይቶ ዘፈን ተሰማ። አልቆ መርፌው መምታት ሲጀምር ቢጠሩ፣ ቢያንኳኩ መልስ ጠፋ። በጓሮው በር ዞረው ሲገቡ ሰውየው ሞተዋል።

«ዘፋኟ ማናት?»

«ገበያነሽ ትባላለች። በወጣትነቷ ያስቀረጸችው አንድ ሸክላ ብቻ ነው። ኋላ ጌታን አገኘሁ ብላ ዘፈን ተወች። ሸክላዎቹንም ከየቤቱ እየለመነች ሰብስባ በእጇ አቃጠለቻቸው። የተረፈው ይህ ብቻ ነው ይላሉ። እሷም ከሞተች ቆይታለች።»

ዘመነች ጎንበስ ብላ አየች። ማጫወቻው የተቀመጠበት የብረት ጠረጴዛ ማዕዘን ላይ ደምና ሽበት አለ። ከማጫወቻው ጎን ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ አለች፤ ወደ ታች ተስባለች። ቁልፏን አሽጎ የነበረ ነጭ ፕላስተር ተልጦ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ ተለጥፏል።

«ወድቀው ይሆናል» አለ ኤባ።

«ሊሆን ይችላል። የፕላስተሩንና የቁልፏን ነገርስ ምን እንበለው?»

በመጀመሪያ ያነጋገረችው መዝገቡን ነው። መዝገቡ አየር ጤና ላይ አምፕሊፋየር የሚሠራ፣ ሃምሳ ዓመት የዘለለ ሰው ነው።

«ጠዋት ከአቶ መሸሻ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«እኔና ጋሽ መሸሻ ያልተጣላንበት ቀን የታለ? የኔን ሥራ ለጎብኚ እያሳዩ ‹ይሄኛው ዝንብ ያረባል› አሉ። ጥዝዝ ይላል ለማለት ነው። በሰው ፊት።»

«ዘፈኑ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«አዳራሹ ውስጥ፣ ምሳዬን እየበላሁ። ብቻዬን።»

«ሬሳውን መጀመሪያ ያዩት እርስዎ ነዎት። ደሙ እንዴት ነበር?»

«ረግቶ ነበር። ልደግፋቸው ስል ነካሁት፤ አልፈሰሰም።» ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ምንም የለባቸውም።

«ፍጥነቱን በፕላስተር ያሸገው ማን ነው?»

«እሳቸው፣ አብረን ካስተካከልን በኋላ። መስመር የተሳለበት ክብ ወረቀት አለን። ሲሽከረከር በመብራት ያዩታል፤ መስመሮቹ የቆሙ መስለው ከታዩ ልክ ነው። ቆሙ። ከዚያ ማንም እንዳይነካካ ብለው አሸጉት።»

«ተልጧል። ቁልፏም ዝቅ ብላለች።»

የመዝገቡ ፊት ተለወጠ። ስለ ሬሳው ሲጠየቅ እንኳ እንዲህ አልሆነም ነበር። «ማን ነው የነካው?» አለ።

ውዳሴ የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ ናት፤ የድሮ ዘፈን ባለበት ሁሉ አትጠፋም። ዘፈኑ ሲሰማ በረንዳ ላይ ስልክ እያነጋገረች እንደነበር ተናገረች።

«ሸክላውን እንዲያውሱኝ ያልለመንኩበት ጊዜ የለም። አንድ ቀን ብቻ ቤታቸው አሰምተውኛል።»

«የዛሬውም ያው ነው?»

«ዘፈኑ ያው ነው።» ውዳሴ ክንዷን አሻሸች። «ቤታቸው የሰማሁት ቀጭን፣ የልጅ ድምፅ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ጀመረ። ከዚያ ግን ድምፁ እየወረደ፣ እየወፈረ ሄደ። አንድ ሰው እጇን ይዞ ደረጃ የሚያወርዳት መሰለኝ። ከዚያ ረጋ ብላ እስከ መጨረሻው ዘፈነች። እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስልኩን ሳልዘጋው ቀረሁ።»

«ገብታችሁ ስታገኟቸው ሁሉም ተደናግጧል፤ ሸክላው እዚያው ነው፤ ቦርሳሽም ሰፊ ነው። ለምን አልወሰድሽውም?»

ውዳሴ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። «አስቤው ነበር» አለች ዝቅ ብላ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሬሳው አጠገብ ቆሜ አስቤው ነበር።»

ዘመነች አመነቻት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚዋሽ ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

ሦስተኛዋ ሉሲ ናት፤ የገበያነሽ ልጅ። ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ባለ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሠላሳ ሊሞላት የተቃረበች፣ ፀጉሯን በቀላሉ ያሰረች፣ ስትናገር ሰው ዓይን ውስጥ የማታይ ሴት ናት።

«እናቴ ስትሞት ገና ጡት እጠባ ነበር። ፎቶዋ አለኝ፤ ድምፅዋ የለኝም። ቸርች ስትዘምር እንኳ የቀዳት የለም። አባቴን ስጠይቀው ‹ጥሩ ነበር› ይለኛል። ምን ዓይነት ነበር ስለው፣ ጥሩ ነበር። ይህ ሸክላ እንደሚሰማ ሳውቅ ትኬት ገዛሁ።»

«ዘፈኑ ሲሰማ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። እጄን እየታጠብኩ።» ሉሲ ቧንቧውን አየችው። «አንዲት ሴት ስትዘፍን ይሰማኛል። ሬዲዮ መስሎኝ ውኃውን እንኳ አልዘጋሁትም። እሷ መሆኗን የነገሩኝ ካለቀ በኋላ ነው።»

ዘመነች እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች።

«ሸክላው ማስረጃ ነው ብላችሁ ትወስዱታላችሁ አይደል?» አለች ሉሲ። «ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሰሙኝ።»

የመጨረሻው አቶ ጌታቸው ናቸው፤ የሉሲ አባት፣ የገበያነሽ ባል። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ተተኩሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከጓሮው አጥር ሥር በቆመችው አሮጌ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ።»

«አሜን። እዚህ ምን አመጣዎት?»

«ልጄን ተከትዬ መጣሁ። ገበያነሽ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ‹ያን ድምፅ ሰው እንዳይሰማው› ብላኛለች፤ ቃል ገብቼላታለሁ። መሸሻን በልጅ ለመንኩት። ታሪክ ነው፣ አይቀበርም አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«እዚህ ገብቼ ጸለይኩ።»

«ዘፈኑን ሰምተውታል?»

«ዘፈን ከተውኩ ዕድሜ ልኬ ነው። መስኮቱን ዘጋሁ።»

ዘመነች መስኮቱን አየችው። ተዘግቷል። የሽማግሌው እጆች መጽሐፉ ላይ ተጣጥፈው ጸጥ ብለዋል፤ ከልክ በላይ ጸጥ ብለዋል።

ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ኤባ፣ «እሳቸውን እንኳ መተው ነው» አለ። «ሸክላውን ያጫወተው ገዳዩ ከሆነ እሳቸው አይሆኑም። እሳቸው ቢሆኑ ይሰብሩት ነበር።»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አለች ዘመነች። «ለምን አልሰበሩትም እያልኩ።»

ነገሩ በልቧ ካለቀ ቆይቷል። በእጇ ያለው ግን አንድ ቁራጭ ፕላስተር ነው፤ ፕላስተር ይዛ ፍርድ ቤት ብትቀርብ ዳኛው ቁስልሽን አክሚበት ይላት ነበር። ሰውየው ራሱ እንዲናገር ያስፈልጋል። የሚያናግረው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ማወቋም አሳፈራት። ቢሆንም ሁሉንም ጠራቻቸው።

አመሻሽ ላይ በማዳመጫው ክፍል ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል። አራቱ ሰዎች፣ ዘመነችና ሃምሳ አለቃ ኤባ መስታወቱ ውስጥ እጥፍ ሆነው ይታያሉ። ማንም ወደ መስታወቱ አያይም።

«አቶ መሸሻ የሞቱት ሸክላው ከመነሳቱ በፊት ነው» አለች ዘመነች። «መዝገቡ ሲገቡ ደሙ ረግቶ ነበር፤ አንድ ዘፈን በሚቆይበት ጊዜ ደም አይረጋም። ስለዚህ ያስነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ሟች እግሩ ሥር ወድቀው ሳለ። ወደ አዳራሹ የሚያስወጣው በር የተቀረቀረ ስለነበር የገባውም የወጣውም በጓሮ ነው። ከአራታችሁ ለአንዳችሁም ምስክር የለም።»

«እኔ…» አለ መዝገቡ።

«ይቆዩ። ሸክላውን ለመውሰድ የመጣ ቢሆን ይወስደው ነበር፤ አልተወሰደም። ለማጥፋት የመጣ ቢሆን ይሰብረው ነበር፤ አልተሰበረም። ይህ ሰው ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ዘፈኑ ከጀመረ በኋላ ፕላስተሩን ልጦ ፍጥነቱን ዝቅ አደረገ። ውዳሴ ድምፁ ሲወርድ ሰምታለች። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው እንዳንል፣ የተበላሸ ማሽን ፕላስተር አይልጥም።»

መዝገቡ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ የነበረውን ማበላሸት ነው።»

«ለእርስዎ ልኩ መስመሮቹ ሲቆሙ ነው። ስለዚህ እርስዎ አይነኩትም። ለውዳሴ ልኩ ቀድሞ የሰማችው ሸክላ ነው፤ የዛሬው አስፈራት። ሉሲ ልኩን ጭራሽ አታውቀውም። አቶ መዝገቡ፣ ድሮ ሲቀረጽ ፍጥነቱ የሚስትበት ጊዜ አለ?»

«ሞልቷል። እንደዚያ ከሆነ ዘፋኙ ከራሱ ቀጥኖ ይሰማል።»

«ይህ ሰው ድምፁን ሰማና አልመስልህ አለው። እሷን እስክትመስል አወረደው፤ ስትመስለው ተወው። ሸክላውን ሳይሆን ሴትየዋን የሚያውቅ ሰው ነው። ከናንተ መካከል ገበያነሽ በሕይወት ሳለች ስትዘፍን የሰማ አንድ ሰው ብቻ አለ።»

ሁሉም ወደ አቶ ጌታቸው ዞሩ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

«ብልህ ነሽ፣ ልጄ» አሉ በእርጋታ። «ግን ግምት ነው። እኔ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ።»

«ግምት ነው» አለች ዘመነች። ቁልፏን አቶ መሸሻ አሽገዋት ወደነበረችበት ቦታ መለሰቻትና መርፌውን አሳረፈች። «ሉሲ፣ ጠይቀሽኝ ነበር። ይኸው።»

ዘፈኑ ጀመረ። ቀጭን፣ ፈጠን ያለ፣ የሚያምር ድምፅ ነው። ሉሲ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እንባዋ በጣቶቿ መካከል ወረደ። ስታለቅስ ፈገግታም ነበራት።

«አባዬ» አለች። «እናቴ ይህች ናት?»

አቶ ጌታቸው ዝም ቢሉ ይበቃቸው ነበር። አዎ ቢሉ ደግሞ ይብሱን ነፃ ይወጡ ነበር፤ ያን ምሽት ቤታቸው ያድራሉ፣ ልጃቸውም ያንን ድምፅ እናቴ እያለች ትኖራለች። ዘመነች ባይናገሩ ብላ የተመኘችበት አንድ አፍታ ነበር።

«አባዬ፣ ንገረኝ እንጂ።»

«አይደለችም» አሉ አቶ ጌታቸው።

መጽሐፋቸውን ወንበሩ ላይ አኑረው ተነሱ። ኤባ ሊከለክል ሲል ዘመነች በእጇ አቆመችው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቁልፏን በአንድ ጣት ሳቧት፤ ጥቂት፣ እንደገና ጥቂት። ድምፁ ወረደ፤ ወፈረ፤ ሙሉ ሴት ሆነ። ጣታቸው ቆመ።

«ይህች ናት» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ልገድለው አልመጣሁም። ‹ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ይሰማታል› ሲለኝ ገፋሁት፤ ብረቱ አገኘው። አጠገቡ ተንበርክኬ ቆየሁ። ከዚያ ሸክላውን ልሰብር ተነሳሁ። እጄን ዘርግቼ አቃተኝ። አንድ ጊዜ ልስማት አልኩ። የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ወደ ራሷ ሳልመልሳት መሄድ አልቻልኩም።»

ሉሲ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። አባትየው ከጎኗ ቆመው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ቀጠሉ።

«አሁን ትንፋሽ ትወስዳለች። እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትቸኩል ነበር። ወጥ ስትሠራም ይህንኑ ታንጎራጉር ነበር፤ ከተወችውም በኋላ፤ ሳታውቀው። ስነግራት ታፍር ነበር። ምነው ባልነገርኳት።»

ዘፈኑ አለቀ። ዘመነች መርፌውን አነሳች። ኤባ ካቴናውን ይዞ ቀረበ፤ ሽማግሌው እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉ።

ሉሲ ዓይኗን ገልጣ አባቷን አየችው። ከጠዋት ጀምሮ ሰውን ፊት ለፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይህን ብትነግረኝ ኖሮ፣ አባዬ» አለች፣ «እኔ እዚህ አልመጣም ነበር።»