የነጣው ቀለበት

ስንዱን የገደላት እንድታምርበት የተቀመመላት ቅባት ነው። ለሠርጓ ስምንት ቀን ቀርቷት ነበር።

በሠልስቷ መርማሪዋ መቶ አለቃ ታንጉት ደባርቅ ካለው ለቅሶ ቤት ስትደርስ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደምለው እጁን ታስሮ ተቀምጧል። ከቅባቱ ብልቃጥ ሥር የሜርኩሪ ጠብታ ተገኝቷል፤ ሜርኩሪ ያለው ደግሞ እሱ ዘንድ፣ ቴርሞሜትሮቹ ውስጥ ብቻ ነው። ቀበሌው «ፀረ አብዮት አሻጥረኛ» ብሎታል። ዛሬ ጎንደር ከተላከ እንደማይመለስ ሁሉም ያውቃል።

«ስንት ቴርሞሜትር ተሰበረብህ?»

«ዘንድሮ አሥራ አንድ። በእጄ ግን አንድም አልተሰበረም። ጧት ስገባ ነው ስብርባሪውን የማገኘው።»

ታንጉት ወደ ሙሽራው እናት ወደ እመት ገበያነሽ ዞረች። «እርስዎስ ልጅቷን ምን ብለዋት ነበር?»

«እንዲያው ለጨዋታ... ‹ሙሽራችን ከሰል ስትሸጥ የዋለች ትመስላለች› አልኩ። ሰው አይቀልድም?»

«ማን ሰማ?»

«እህቷ ነበረች።»

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጤና ጣቢያውን እየጠረገች ስንዱን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ በለጠች፣ ለመቶ አለቃዋ ውኃ አቀረበች። ታንጉት ብርጭቆውን ትታ የበለጠችን ጣት አየች።

«ይኼ ቀለበት ብር ነው?»

«የእናቴ ወርቅ ነው። ምን እንደነካው እንጃ፣ ነጣ።»

 ታንጉት ሁሉንም ሰብስባ አስቀመጠች።

«ቅባቱን የቀመመው ሰው በእጁ ነው ያሸው። ሜርኩሪ ደግሞ ወርቅ ከነካ ያነጣዋል። የደምለው የጋብቻ ቀለበት ቢጫ ነው፤ የእመት ገበያነሽም ቢጫ ነው። ጤና ጣቢያውን ደምለው ሳይገባ የሚጠርገው ማን ነው? አንቺ ነሽ፣ በለጠች። ብርድ እንዳይመታት በር ዘግተሽ፣ ከሰል አያይዘሽ ቀባሻት። ሙቀቱ መርዙን አተነነው፤ እሷም ተነፈሰችው።»

«የጎንደር ሴቶችን የሚያቀላቸው ሜርኩሪ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች በለጠች። «እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሠርግ ፍርሃት መሰለኝ። እኔም... ጨመርኩላት።»

«ቆንጆ ነበረች እኮ» አለ ደምለው፣ ገመዱ ሲፈታለት።

በለጠች ቀለበቱን አውልቃ እመት ገበያነሽ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው ነጣልዎት።»

ውጭ ወደሚጠብቃት ፖሊስ ወጣች። በሩንም ሦስት ወር ሙሉ ስትዘጋው እንደከረመችው፣ ብርድ እንዳይገባ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።