ፕላኑ ላይ የተፋቀው ስም

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ “እንትና ቤት ድምፅ ይሰማል፣ እንትና ጥላ አየ” የሚባል ወሬ ሲነሳ ቦርሳዬን አንስቼ የምሄድ፣ ጠበል እንኳን እናቴ እንዳይከፋት ስል ብቻ የምጠመቅ። ለእኔ ሽቦ ካልተያያዘ አምፖል አይበራም፣ በቃ። አሁን የማወራውን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ፊት ለፊቱ እስቅበት ነበር።

ጉለሌ እኛ ሰፈር እትዬ እታገኝ የሚባሉ ሰማንያን ያለፉ ጎረቤት ነበሩን። አባታቸው ኢንጂነር ዘለቀ ለፈረንጅ መሐንዲስ መሰላል ከመያዝ ተነስተው፣ ኋላ ውጭ ተልከው ተምረው፣ የሰፈራችንን የመንገድ መብራት የዘረጉ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ “የጋሽ ዘለቀ መብራት” ይሉታል። ታዲያ የመብራቱ ፕላን ላይ የተጻፈው የአለቃቸው የፈረንጁ ስም ብቻ ነው። እትዬ እንደሚሉት አባታቸው ስማቸውን ከፈረንጁ ስም በታች ጽፈው ነበር፣ በማግስቱ ግን ቢሮ ሲገቡ በምላጭ ተፍቆ አገኙት፣ ያን ቀን እህል ሳይቀምሱ አደሩ፣ ከዚያ ወዲህም የትኛውም ፕላን ላይ አልፈረሙም።

ክረምት ላይ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ የከተማዋን መብራት የዘረጉ ሰዎችን መዝገብ እያዘጋጀ መሆኑ ተሰማ። እትዬም “ልጄ ሰናይት፣ ሳልሞት የአባባ ስም ይጻፍልኝ” አሉኝ። ትምህርት ቤት ዝግ ነበርና እሺ አልኩ። እመኑኝ፣ ያን እሺ ያልኩበትን አፌን ስረግመው ነው የከረምኩት፣ አንድ ቀን ደብዳቤ አምጪ፣ አንድ ቀን ኔትወርክ የለም፣ አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ “ስማቸው ያለበት ዋናው ፕላን ካልቀረበ አንመዘግብም፣ ዓርብ መዝገቡን እንዘጋለን” አሉኝ። 

ሐሙስ ከሰዓት ከእትዬ ጋር ጓዳቸው ውስጥ የአባታቸውን ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን ዘርግፈን ተቀመጥን። ቤቱ ለልማት ተብሎ ቅዳሜ ሊፈርስ ስለሆነ ቆጣሪው ተነቅሏል፣ ገመዱም ከምሰሶው ተቆርጦ ተወስዷል። የመብራት አባት ወረቀት በሞባይል መብራት ሲፈለግ! ደብተሮቹን አገላበጥኩ፣ ስንት ምሰሶ ቆመ፣ የትኛው አምፖል ተቃጠለ፣ ማን ከመሰላል ወደቀ፣ ሁሉም በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ አለ። ጋሽ ዘለቀ ይዘውት የቀሩት ዋናው ፕላንም ተገኘ፣ ስስ ወረቀት፣ ጥግ ላይ የፈረንጁ ስም፣ ከሥሩ ተፍቆ የሳሳ ቦታ። በሞባይሌ መብራት ከፊትም ከኋላም አየሁት፣ ምንም የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝና ወረቀቱን ወርውሬ ልነሳ ስል፣ እንጦጦ በኩል ደመናው ወርዶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ጀመር፣ ጓዳው በዘጠኝ ሰዓት ጨለመ፣ የሞባይሌም ባትሪ ቀይ አሳየ፣ መብራቱን አጠፋሁት።

ያኔ ነው የሰማሁት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከግድግዳው ውስጥ፣ ብረት እንጨት ሲመታ። ጠብታ ነው አልኩ ለራሴ። ትንሽ ቆየና እንደገና ሦስቴ፣ ልክ በዚያው ልክ።

“መልሺለት እንጂ” አሉኝ እትዬ፣ ሰው በር እንዳንኳኳ ያህል።

“ለማን ነው የምመልሰው?”

“አባባ ሠራተኞቹን እንዲህ ነበር የሚያሠራው። ማብሪያው ጋ ያለው ሰው ምሰሶውን በፒንሳ ሦስቴ ይመታል፣ ላይ ያለው እጁን ከሽቦው ሲያነሳ ሦስቴ ይመልሳል። ካልመለሰ አይበራም። ሰው እንዳይሞትበት ነው።”

“እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ዛሬ ቀልድ አልችልም።”

“ምን ቸገረሽ? አንኳኪ።”

ንዴቴን ልወጣበት ብዬ የሳጥኑን ክዳን ሦስቴ ደበደብኩት። እጄን እንኳን ሳላነሳ ጣሪያው ላይ ያለው አሮጌ አምፖል ውስጡ እንደ ፍም ቀላ፣ ቀስ እያለ ነጣ፣ በራ። ማብሪያውን አየሁት፣ እንደጠፋ ነው። እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ዝናቡ እየደበደበኝ ግድግዳውን ዞርኩ፣ የተቆረጠው ሽቦ ጫፉ ተንጠልጥሎ ውኃ ያንጠባጥባል። ስመለስ አምፖሉ እንደበራ ነው። ፈራሁ፣ መፍራቴ ደግሞ አናደደኝ።

“ፕላኑን ወደ መብራቱ ያዢው” አሉኝ እትዬ።

ያዝኩት። ከፈረንጁ ስም ሥር፣ በሳሳው ቦታ ላይ፣ የደብተሮቹ የእጅ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ወጣ፣ “ፕላኑን የሠራው ዘለቀ” ይላል፣ ከጎኑ ፊርማ አለ። የእትዬን ዓይን ሞራ ሸፍኖታልና ማየት አልቻሉም።

“አንብቢልኝ” አሉ።

አነበብኩላቸው። “ድገሚልኝ” አሉ፣ ደገምኩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ ትዝ ሲለኝ በቀረችኝ ባትሪ ፎቶ አነሳሁ። ወዲያው አምፖሉ ጠፋ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ሌላ ድምፅ አልመጣም።

ቤቴ ሄጄ ሞባይሌን ስሰካው ፎቶው አለ፣ ግን ድፍን ጨለማ ነው፣ አምፖልም ወረቀትም አይታይም። ዓርብ ጠዋት ፕላኑን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መዝጋቢው፣ እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አይደለም፣ በመስኮቱ ብርሃን አየው፣ በጠረጴዛ መብራት አየው፣ አጉሊ መነጽር ሁሉ አመጣ።

“እህቴ፣ መፋቁ ይታያል፣ ስም ግን የለም።”

“አለ! በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሁለቴ አንብቤዋለሁ!”

“እሺ፣ በምን መብራት አየሽው?”

አሥራ አንድ ዓመት ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ ሰው ምን ልበለው? ፕላኑን ጠቅልዬ ወጣሁ፣ ታክሲ ውስጥ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ እንባዬ አልቆመም፣ የሚያስለቅሰኝ ደግሞ ፍርሃት አልነበረም፣ እልህ ነው።

ቅዳሜ ቤቱ ፈረሰ። እትዬን የወንድማቸው ልጅ ወስዶ ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም አስገባቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወሉልኝ።

“ልጄ፣ ተጻፈ?”

እንዴት አልተጻፈም እላለሁ? “ተጽፏል እትዬ፣ በትልቁ ተጽፏል” አልኳቸው።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ” አልኩ።

“እኔስ ባምንሽ ደስ ይለኝ ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “አባባ ግን አልተጻፈም ይላል። አሁን እዚህ አጠገቤ ቆሞ።”

 ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን አላነሳሁም፣ ዛሬም ሁለቴ ደውለዋል።