ባትሪ የሌላት ሳጥን

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ተደፍቶ ነበር። ከእግሩ ሥር ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ወድቋል። ከራሱ የወረደው ደም የሸሚዙን የደረት ኪስ አርሶ ደርቋል። መርማሪዋ መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ አለችና ከዚያ ኪስ ውስጥ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክ ሳበች። አገላብጣ አየችው። በላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ተኩል ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሦስት ወንበር፣ የሟቹ ላፕቶፕ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ደግሞ የምሳ ዕቃ የምታህል ብርማ ሳጥን። እዚህ ሦስት ሰዎች የሕፃናትን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ የስልክ መተግበሪያ ሲሠሩ ከርመዋል። ሟቹ ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ ታናሽ እህቱ ገጾቹን ትሥላለች፣ ሸሪኩ ደንበኛ ያነጋግራል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሸሪኩ፣ እጁን እያፋተገ። «መተግበሪያውን ወደ መተግበሪያ መደብሮቹ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ልኮታል፤ መዝገቡ ይናገራል። እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው። እኔ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ግቢው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ማን ነበር?»

«በምንድን ነው የላከው?»

«በዚህችው በማክ ኮምፒውተሯ ነዋ፤ በየትኛው ይልካል!» ብሎ ወደ ብርማዋ ሳጥን አመለከተ።

ዘበኛው ቀድሞውኑ ተይዟል፤ በማግስቱ አራት ሰዓት ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። መርማሪዋ ጣቢያ ስትገባ ሽማግሌው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ልጁን መቼ አዩት?»

«ጠዋት ሲገባ ነዋ፣ ልጄ። ሸሪኩ ስድስት ሰዓት ላይ ሲወጣ ‹ሥራ ላይ ነው፣ እንዳትረብሸው› አለኝ። እኔ ደግሞ የተባልኩትን የምሰማ ሰው ነኝ።»

«ከዚያስ ምን ሲሠሩ ቆዩ?»

«ምን እሠራለሁ፣ ሬዲዮ ስሰማ ነበር። እሷም ሰባት ሰዓት ላይ ዜናው መሀል ጸጥ አለችብኝ። መብራት ሄደ። የመጣው ዘጠኝ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሸሪኩ ተመለሰ፤ አብረን ገብተን አየነው። ‹ሮጠህ ፖሊስ ጥራ› አለኝ።»

«እሱስ?»

«እሱማ እዚያው ቀረ።» ሽማግሌው ባርኔጣውን ጨመደደው። «ልጄ፣ ሞቱንስ ልሙት። ልጆቼ የነፍሰ ገዳይ ልጆች ሊባሉ ነው?»

መርማሪዋ ማጽናናት አይሆንላትም። ውሃ አስመጣችለትና ወጣች።

የሟቹ እህት ቤቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ ቀን የታከመችበት የጥርስ ሐኪም ያስነከሳት ጥጥ አሁንም ጉንጯን ወጥሮታል።

«እኔ ኮምፒውተር ማብራት እንኳ በልጆቼ ነው» አለች መርማሪዋ። «እንደ ሕፃን አስረጂኝ። መተግበሪያ የሚላከው እንዴት ነው?»

«የአንድሮይዱን ከየትኛውም ላፕቶፕ መላክ ይቻላል፣ እትዬ። የአይፎኑ ግን ያለ ማክ፣ ያለ አፕል ኮምፒውተር፣ አይሆንም። ወይ ይገዛሉ፣ ወይ ይዋሳሉ፣ ወይ ሩቅ አገር ያለ ማክ በኢንተርኔት ይከራያሉ። ወንድሜ ትንሿን፣ ያቺን ብርማዋን፣ ገዛ። ሸሪኩ ግን ‹ኪራዩ ይሻላል፣ የትም ሆኜ እሠራበታለሁ› እያለ ሲከራከረው ነበር።»

«ትንሿ ባትሪ አላት?»

«የላትም። የመብራት መጠባበቂያውም ከተበላሸ ወር አልፎታል።»

«የይለፍ ቃሉንስ ማን ያውቃል?»

«ሦስታችንም። ግን የአይፎኑ መግቢያ ላይ ስድስት አኃዝ ይጠይቃል፤ እሱ የሚመጣው በወንድሜ ስልክ ነው። ስልኩ ቢቆለፍም ቁጥሩ ይታያል።» ድንገት እንባዋ ወረደ። «ደግሞ ወንድሜ አይልከውም ነበር! የሕፃኑ ክብደት ሰባት ነጥብ አምስት ኪሎ ሲባል መተግበሪያው ነጥቧን ይዘላትና ሰባ አምስት ያደርገዋል። ‹ይሄን ከላክሁ ሕፃን እገድላለሁ› ብሎኛል። ሸሪኩ የሚያልቅበትን ቀን ለደንበኛ ቃል ገብቶ ነበርና ተጣሉ።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ያቺው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘበኛው ከነካቴናው በር ላይ ቆሟል።

«ትናንት ከሰባት እስከ ዘጠኝ መብራት አልነበረም» ብላ ጀመረች። «ስምንት ከአሥር ላይ የተላኩት ሁለት ናቸው። የአንድሮይዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በላፕቶፕ ባትሪ ልኮት ይሆናል ብዬ እሞኝ ነበር። የአይፎኑ ግን ማክ ይፈልጋል። ይህቺ ሳጥን ደግሞ ያን ጊዜ ከድንጋይ አትሻልም። ስለዚህ ከሌላ ቦታ ነው የተላከው። መብራት መሄዱን ያላወቀ ሰው ነው ‹በዚህችው ነው የላከው› የሚለው።»

ሸሪኩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እና? በኪራይ ማክ ልኮ ይሆናላ፣ ራሱ።»

«በሞተ እጁ? እንግዲህ ስልኩን እንይ። የሸሚዙ ኪስ በደም ተነክሮ ደርቋል፤ ውስጡ ያለው ስልክ ግን አንዲት ነጠብጣብ የለበትም። ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው የተመለሰው። ከሬሳው ጋር ብቻውን የቀረው ማነው? ትናንት ማታ አክስትህን አነጋገርኳቸው፤ ደግ ሴት ናቸው። ‹ጓዳ ገብቶ ላፕቶፑን ከፈተ፤ አንዱ ስልኩ ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ለምን አያሠራውም?› አሉኝ።»

መርማሪዋ እጇን ወደ ሸሪኩ ዘረጋች።

«ላፕቶፕህን ወዲህ በል።»

አላቀበላትም። ወንበሩ ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ተኮማተረ። «ልመታው አልነበረም...» አለ። «አንድ ወር ጨምርልኝ አለኝ። አንድ ወር! ቃሌን ምን ላድርገው?»

«ቃልህን!» አለች እህቲቱ ተነሥታ።

መርማሪዋ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ አስፈታችና ለሸሪኩ አስጠለቀችው። ሽማግሌው አንጓውን እያሸ ወንበሩን ወደ ልጅቷ ገፋላት። «አረፍ በይ፣ ልጄ» አላት።

ልጅቷ ግን የወንድሟን ላፕቶፕ ሳበች። «ሁለቱም ገና በመደብሮቹ የፍተሻ ወረፋ ላይ ናቸው። ሳያልፉ ማውጣት አለብኝ።» የአንድሮይዱን ወዲያው አወጣችው። የአይፎኑ መግቢያ ስድስቱን አኃዝ ሲጠይቃት እጇ ቆመ።

ከላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ የወንድሟ ስልክ ነዘረ።

መርማሪዋ ከረጢቱን አንሥታ በላስቲኩ ላይ አኃዞቹን አንድ በአንድ አነበበችላት። ልጅቷም አንድ በአንድ ጻፈች። ስድስተኛውን ስትነካ መተግበሪያው ከወረፋው ወጣ።

«ወጣልህ፣ ወንድሜ» አለች፣ የእሱን ባዶ ወንበር እያየች።