አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚከፈተው በር

«ይሄ ጠረጴዛችሁ ሰክሯል እንዴ? ክብ ልሥል ጀምሬ እንቁላል ወጣልኝ» አለች ራዲዮ፣ ኮምፓሷን ከወረቀቱ ላይ እያነሳች።

ትልቋ፣ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ፣ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ልቧ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። የግድግዳው ሰዓት ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ይላል፤ እሷም በውስጧ «ዛሬን ብቻ፣ እባክህ ዛሬን ብቻ» እያለች ትለምናለች። የምትለምነው አምላክን ይሁን በሩን፣ ለራሷም አልለየላትም።

ራዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት የሰማችውን ሳታስተላልፍ ስለማታድር ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ወሬ ግን አፏ ውስጥ አይረጋም። የሒሳብ መምህሩ ሁለቱን ለቤት ሥራ አንድ ላይ ባይመድቧቸው ኖሮ፣ ትልቋ በዚህ ሰዓት ወደዚህ ቤት ባላመጣቻት ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ ጥግ እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሰው መጋረጃ ትሰፋለች። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል «ፌንጣ» የሚሏት ታናሽ እህቷ፣ አሁን ግን ደብተሯን ታቅፋ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ወለሉ ላይ ጸጥ ብላለች። ላያት ሰው እንግዳ የምትጠብቅ ትመስላለች።

መጀመሪያ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ቀጥሎ ማጠፊያው ከመኝታው እንደሚነሳ ሽማግሌ አቃሰተ። ከዚያ በሩ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ተከፈተ። የአመሻሹ ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘረጋ፣ ተዘረጋና የወንበሩ እግር ጋ ሲደርስ ቆመ። ደጁ ላይ ሰው አልነበረም።

«አለን» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳትነቅል።

ፌንጣ ብድግ ብላ ሮጠች። ደፉ ላይ ቆማ ደብተሯን ወደ ባዶው ደጅ ገልጣ ያዘችና፣ «አሥር ከአሥር። ትናንት ስምንት ነበር» አለች። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ዘግታ፣ ደስ ብሏት ተመለሰች።

የራዲዮ ኮምፓስ ከእጇ አምልጦ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ለማንሳትም አላጎነበሰችም።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህር በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ በቀጭን ድምፅ «አለን» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሰላምታ መስሏቸው «ስላላችሁ ደስ ብሎኛል» ቢሉ ባሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተ መጻሕፍቱ በር ሲከፈት «አለን»፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሲከፈት «አለን» ሆነ። ትልቋም አብራ ሳቀች። ከሁሉ በላይ የቆጠቆጣት ይሄ አብሮ መሳቋ ነው።

«ሙድ ልይዝባችሁ ብዬ አይደለም እኮ» አለች ራዲዮ በእረፍት ሰዓት ተከትላት። «ደንግጬ ነው። ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።»

«አንቺ ዘንድ አንድ ሰው ማለት አንድ ክፍል ነው።»

«እሺ፣ ጥፋት ነው። አፌን ቢሰፉልኝ ጥሩ ነበር።» ራዲዮ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን እናትሽ ማንን ነው 'አለን' የምትለው?»

ማንን እንደሆነ ትልቋ ታውቃለች። አባቷ አናጢ ነበር። ከሥራ ሲመለስ በገዛ ቤቱ ደጅ እንደ እንግዳ ይቆምና «ቤቶች» ይላል፤ እነሱ ከውስጥ «አለን» ይላሉ። በየቀኑ ያው ቀልድ፣ በየቀኑ ያው ሳቅ። በሩ ያኔም አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በራሱ ይከፈት ነበር። ያኔ ግን በሩ ከተከፈተ እሱም አይዘገይም።

ከአራት ዓመት በፊት በአንዱ ቀን፣ በሩ እንደ ልማዱ ተከፈተ። እናቷም እንደ ልማዷ «አለን» አለች። «ቤቶች» ያለ ግን አልነበረም። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ከግድግዳው ጀርባ ተደብቆ ሊያስደነግጣት መስሏት እየሳቀች ወጣች። ዞራ ፈለገችው። ደጁ ባዶ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአባቷ የሥራ ባልደረባ ጋሼ መጡ፤ የአባቷን ባርኔጣ በሁለት እጃቸው ይዘው። አባቷ ከሚሠሩት ቤት ጣሪያ ወድቆ ነበር።

እነሆ አራት ዓመት ሙሉ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር ትልቋ ያቺን እየሳቀች የምትወጣ ልጅ ታያታለች። «ተመለሺ» ልትላት ትፈልጋለች። ልጅቷ አትሰማትም፤ ትወጣለች።

ይህን ሁሉ ለራዲዮ አልነገረቻትም። «በሩ ጠማማ ስለሆነ ነው፤ አሠራዋለሁ» ብቻ ብላት ሄደች።

ጋሼ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ጣውላ ሲልጉ አገኘቻቸው። የእንጨቱ ሽታ አባቷን ድንገት ስላመጣባት፣ ያዘጋጀችውን ንግግር ግማሹን ረሳችው።

«ጋሼ፣ የቤታችን በር በራሱ ይከፈታል። ቢያስተካክሉልን ብዬ ነበር።»

መላጊያውን አቆሙት። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«እሷ ናት የላከችኝ።»

ውሸቱ እንደተላገ ጣውላ ልስልስ ብሎ ወጣ። ጋሼ ለአፍታ ትክ ብለው አዩዋት። «እሷ ካለች እሺ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ የጨረሰችውን መጋረጃ ለማድረስ ፌንጣን አስከትላ ስትወጣ፣ ጋሼ የዕቃ ሣጥናቸውን ተሸክመው መጡ። ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ደጁ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ውሃ ልካቸውን መቃኑ ላይ አስጠግተው ለትልቋ አሳዩዋት። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ መሐል መቆሟን ትታ ጥግ ይዛለች።

«አየሽ? መቃኑ ወደ ውስጥ ያጋደለ ነው። ጠዋት እርጥበቱ እንጨቱን ያሳብጠውና በሩን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል። አመሻሹ ላይ ይለቀዋል። ጋኔን የለ፣ ምን የለ።»

«አባዬ አናጢ ሆኖ ለምን አላስተካከለውም?»

«ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ሲባል አልሰማሽም?» ፈገግ አሉ። «በዚህ ሰፈር ካሉት በሮች ግማሹ የእሱ እጅ ነው። አንዱም አይዛነፍ። ይሄኛው ግን...» ማጠፊያውን መፍታት ጀመሩ። «ይሄን ስንተክል አብረን ነበርን። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው፤ እሱ መቃኑን ደግፎ ይዟል፤ እኔ ቱንቢ ላመጣ ወጣሁ። መንገድ ላይ ጎረቤት አገኘኝና 'ተገላገለች፣ ሴት ናት' አለኝ፤ አንቺን ነው። ሮጬ ተመልሼ ነገርኩት። እንዲያው መቃኑን ለቆ በረረ። አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም።»

ትልቋ የፈቱትን ብሎን በመዳፏ ይዛ ቆመች።

«ሲመለስ ተንጋዶ ደርቋል። 'እናፍርሰውና እንትከለው' ስለው፣ 'ልጄ በተወለደች ዕለት የቆመ ነው፤ እንደቆመ ይቁም' አለኝ። ነፍሱን ይማረው።»

«ይተዉት ጋሼ» ልትላቸው ፈለገች። ግን ይተዉት ለማለት፣ እናቴ አልላከችኝም ማለት ነበረባት። የያዘችውን ብሎን መልሳ ሰጠቻቸው። ጋሼ ከታችኛው ማጠፊያ ሥር ስስ ሽብልቅ አስገቡ፣ ብሎኖቹን አጠበቁ፣ በሩን አንዴ ከፍተው ዘጉት። ምንም ድምፅ አልሰጠም።

«በቃ» አሉ። «ከእንግዲህ ሰው ካልከፈተው አይከፈትም።»

ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት። ፌንጣ ደብተሯን ታቅፋ ቦታዋ ላይ ናት። ትልቋ መጽሐፍ ገልጣ አንዱን መስመር አምስት ጊዜ አነበበች።

ምንም አልሆነም።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀስ እያለ መጣና ቆመ። እናቷ ቀና ብላ ሰዓቱን አየች፤ በሩን አየች።

«እማዬ፣ ዛሬ አይመጣም?» አለች ፌንጣ።

እናቷ ተነሣች። የታችኛውን ማጠፊያ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ወለሉ ላይ የቀረች ትንሽ የእንጨት ፍቅፋቂ አነሣች።

«የጋሼ እጅ ነው» አለች።

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አለች ትልቋ። «አንቺ የላክሽኝ አስመስዬ። ትምህርት ቤት... ይስቁብናል እማዬ። አብደዋል ይሉናል።»

የጠበቀችው ቁጣ ነበር። ቁጣው አልመጣም። እናቷ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞክራ ሳተች።

«አላበድኩም ልጄ። በሩ እንጨት መሆኑን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለማን ነበር የምትመልሺው?»

«'ቤቶች' ተብሎ ዝም ይባላል እንዴ?» ክሩ በሦስተኛው ገባላት። «ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ እውላለሁ። በሩ ሲከፈት፣ አንቺ አለሽ፣ ይቺ አለች፣ እኔም አለሁ እላለሁ። ተመስገን እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ወደ ስፌቴ ነው።» መኪናውን ልታስነሣ እግሯን አስቀመጠችና ቆም አለች። «ይሁን። መዘጋቱም ደግ ነው፤ ብርድ አይገባም።»

በዚያው መጨረሷ ትልቋን ከግሣጼ በላይ ከበዳት።

እሑድ በሩ አልተከፈተም። ሰኞም አልተከፈተም። ትልቋ ያቺ የምትስቅ ልጅ አትመጣም ብላ ነበር፤ ልጅቷ ግን መጣች። አሁን አትወጣም፤ የተዘጋው በር ሥር ቆማ እንዲከፈትላት ትጠብቃለች። ማክሰኞ ፌንጣ ደብተሯን ከቦርሳዋ አላወጣችም። «ስንት አገኘሽ?» ስትባል፣ «አላውቅም» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ረቡዕ የሒሳቡን ሥራ የሚጨርሱበት ቀን ነበር። «በሩ ተሠርቷል ብዬ ለሁሉም ነግሬልሻለሁ» ብላታለች ራዲዮ፤ ካሣ መክፈሏ ነበር። «አሁን ማንም ምንም አይልም። ፈታ በይ።» አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብላለች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ትልቋ አልጋው ሥር ያለውን የአባቷን ዕቃ ሣጥን ጎትታ አወጣች። እናቷ ክር ልትገዛ ወጥታለች።

«ምን ልታደርጊ ነው እታለም?» አለች ፌንጣ።

«ነይ በሩን ደግፈሽ ያዢልኝ። እንዳትለቂው።»

«ይሰበራል?»

«አይ፣ ጥሩ ተደርጎ ተሠርቷል። ችግሩም እሱ ነው።»

ካቻቢቴው ለእጇ ትልቅ ነበር፤ እጀታው ግን የሌላ ሰው ጣቶች የጨረሱት ስለሆነ ለመያዝ አይቸግርም። የታችኛውን ማጠፊያ ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታች። ፌንጣ ትንፋሿን ውጣ በትከሻዋ ትደግፋለች። ሽብልቁ ወደቀ። ትልቋ ማጠፊያውን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሳ ብሎኖቹን አጠበቀች፤ አንዱ ትንሽ ዘንበል አለባት፤ ተወችው። ነገ ለጋሼ የምትናገረውን ከአሁኑ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ውሸቱን ነው የምትነግራቸው።

ሽብልቁን ልትጥለው አልቻለችም። ዞር ዞር አለችና ጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቀችው።

ራዲዮ መጥታ ኮምፓሷን ተከለች፤ ክብ ሣለች። «ውይ፣ ጠረጴዛው ተመክሯል» አለች ተገርማ። እናቷም ክሯን ይዛ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ፌንጣ ደብተሯን ታቅፋ ወለሉ ላይ ሆነች። ትልቋ ሰዓቱን አላየችም። ከመጣ ይመጣል።

መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

የራዲዮ እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ማጠፊያው አቃሰተ፤ ብርሃኑ ወለሉ ላይ መዘርጋት ጀመረ። የስፌት መኪናው ድምፅ ተቋረጠ። እናቷ ቀና አለች፤ የተከፈተውን በር፣ ከዚያ ትልቋን አየች። አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣላትም።

ነገ ጠዋት ከኋላ ወንበር የሚመጣው ሳቅ ለትልቋ ከወዲሁ ተሰማት። ያቺ የአሥር ዓመት ልጅ እየሳቀች ስትወጣም አየቻት።

«አለን» አለች።

ድምጿ ከጠበቀችው ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። ፌንጣ ደብተሯን እየገለጠች ሮጠች፤ ያላሳየችው ውጤት ተጠራቅሞባታል። የስፌት መኪናው ትንሽ ቆይቶ ተነሣ።

ራዲዮ ባዶውን ደጅ፣ ከዚያ ፌንጣን፣ ከዚያ ጓደኛዋን አየች። ብዙ ነገር ልትጠይቅ አስባ አንዱንም አልጠየቀችም፤ ለእሷ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ልዝጋው?»

«ተይው» አለች ትልቋ፣ እርሳሷን እያነሣች። «ትንሽ ይቆይ። ፌንጣ ስትጨርስ እኔ እዘጋዋለሁ።»