በኅዳር የሚጠገን ደረጃ

አሰላ ዳርቻ ባለው ኮረብታ ጫፍ፣ በሽቦ በታጠረች ትንሽ ሜዳ ላይ የዝናብ መለኪያ አለ። አሁን መሣሪያው ራሱ ለክቶ ራሱ ይልካል፤ በየጠዋቱ የሚወጣ ሰው የለም። ነቢላ ሀሰኖ ግን ዛሬም ከተማ መሀል ባለው ቢሮዋ ተቀምጣ የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ መንጣጣት ሲጀምር የያዘችውን ሥራ ትታ ታዳምጣለች። መለኪያው በሰው ይነበብ በነበረበት ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ኮረብታውን የምትወጣውም እሷ ነበረች።

ሥራዋ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጣለውን ዝናብ ለክቶ መመዝገብ ነበር። በበጋ ደስ የሚል መንገድ ነው። ዝናብ ሲገባ ግን አቀበቱ ያንሸራትታል፤ ቅያሪ ጫማ በፌስታል ይዛ ነበር የምትሄደው። አንድ የሚያዝያ ጠዋት ለክታ ስትወርድ እግሯ ከዳትና ግማሹን ቁልቁለት ቁጭ ብላ ወረደችው። ታች ጣውላ የጫነ ጋሪ ቆሟል። አጠገቡ የነበረው ወጣት አልሳቀም። እጇን ይዞ አነሳት፤ ከዚያ ተረከዟ ጭቃውን የላጠበትን ቦታ አየና እዚያው ላይ ችካል ተከለ።

«የመጀመሪያው መርገጫ እዚህ ነው የሚሆነው» አለ።

«ስወድቅ እየለካህ ነበር?»

«አይ፤ ከተነሳሽ በኋላ ነው የለካሁት።»

ጅብሪል ይባላል፤ የሮቤ ልጅ ነው። አናጢነትን ከሟች አባቱ ነው የተማረው። ወደ መለኪያው የሚያወጣ የእንጨት ደረጃ እንዲሠራ ኮንትራክተር ነበር ያመጣው። በማግስቱ ነቢላን ጠብቆ ዝናቡ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚገፋው፣ በየትኛው ወር እንደሚበረታ ጠየቃት። ነቢላ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ስትመዘግብ ስለዚያ ዝናብ የጠየቃት ሰው አልነበረም። መዝገቧን ይዛ ወረደችና ጣውላው ላይ ተቀምጣ ነገረችው። እሱም በእርሳስ እንጨቱ ላይ ጻፈው።

ከዚያ ወዲህ ለክታ ስትወርድ ጥቂት መቆየት ልማዷ ሆነ። ጅብሪል ወሬውን በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ እሷም በጀመረበት ትቀበለዋለች። ምሰሶዎቹን አፈር ውስጥ እንደማይቀብራቸው፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ እንደሚያቆማቸው አሳያት። በጣውላና በጣውላ መካከል የጣት ያህል ክፍተት ይተዋል፤ መርገጫውን ውሃ እንዳይተኛበት በጥቂቱ ወደ ፊት ያዘነብለዋል። «እንጨትን የሚገድለው መራሱ አይደለም» አላት አንድ ቀን፤ «ሳይደርቅ መክረሙ ነው።» ይህን ሲል ዓይኗን አየ፤ ከዚያ ያልጠፋ መዶሻውን መፈለግ ጀመረ። እሷም ያልወደቀ ሻርፗን አስተካከለች።

ስድስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ደረጃው አርባ ሁለት መርገጫ ሆኖ ከሰኔ በፊት አለቀ። ጅብሪል ወደ ሮቤ ቢመለስም በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ በዓመቱም ሽማግሌ እልካለሁ አላት። አባቷ አቶ ሀሰኖ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ቶሎ የማይስቁ ሰው ናቸው። ወሬውን ሰምተው ክረምቱ ይለፍና ይምጡ አሉ። ለእሳቸው ይህ ትልቅ እሺታ ነበር።

ክረምቱ ግን በደህና አላለፈም። በነሐሴ አጋማሽ ነቢላ ለክታ ስትወርድ ሠላሳኛው መርገጫ ከሥሯ ተሰበረ። እግሯ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰበረ፤ ከብት ጠባቂዎች ጩኸቷን ሰምተው ነው ያወረዷት።

ጅብሪል በሰማ በማግስቱ ሆስፒታል መጣ። አባቷ አልጋው ራስጌ ቆመው ነበር። አልተቀመጠም።

«እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር» አለ። «የደረቀ ጥድ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ የመጣው ግን በዚያው ሳምንት የተቆረጠ ነው። እየደረቀ እንደሚሰነጠቅ፣ ውሃም እንደሚገባበት አውቅ ነበር። አውቄ ሠራሁት።»

ነቢላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የእግሯን ሕመም ትችለው ነበር። ያልቻለችው፣ በየጠዋቱ እንደምትረግጠው እያወቀ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስለ እንጨት ሲያስተምራት መክረሙን ነው። አሠሪውን ፈርቶ ነው ብላ ደመደመች። አባቷ በሩን አሳዩት፤ የሽማግሌው ነገርም በዚያው ቀረ።

ኅዳር ላይ በክራንች ወደ ሥራ ስትመለስ ከኮረብታው የመዶሻ ድምፅ ሰማች። ጅብሪል ብቻውን ነበር። አሮጌውን ጣውላ በሙሉ ነቅሎ በጥድ እየተካው ነው። ጥዱን ያገኘው ሮቤ ያለውን የአባቱን አሮጌ ቤት አፍርሶ እንደሆነ ከባለጋሪው ሰማች። ሲያያት ሥራውን አቁሞ መንገድ ለቀቀላት። ሰላም አላለችውም። እሱም አልለመናትም።

በሚቀጥለው ኅዳር ማንም ሳይጠራው መጣ። ሦስት ቀን ሠራ። በጣውላዎቹ መካከል የታጨቀውን ቅጠል ጠረገ፤ ክረምቱ ያበቀለውን አረንጓዴ ሻጋታ በሽቦ ብሩሽ ፋቀ፤ የላላውን ቡሎን አጠበቀ፤ እንጨቱ ሲደርቅ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው። በሦስተኛው ቀን ነቢላ ስታልፍ «ዘይቱ አልደረቀም፤ በዳር በዳሩ ርገጪ» አላት። «እሺ» አለችው። በዓመት አንዲት ቃል ነበረች። ቤቷ ገብታ ግን ማታውን በሙሉ ያቺን እሺታዋን ስታስብ አመሸች።

በሦስተኛው ኅዳር ጅብሪል አልመጣም። ወሩ እስኪጋመስ ነቢላ አልጠብቀውም እያለች ጠበቀችው። ከዚያ ብሩሽና አንድ ጄሪካን ዘይት ገዝታ ራሷ ከታች ጀመረች። አሥራ አምስተኛው መርገጫ ላይ ተንበርክካ ሳለች አቶ ሀሰኖ መደገፊያውን ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ። ኮረብታውን ወጥተው አያውቁም ነበር። እያንዳንዱን መርገጫ በተረከዛቸው እየመቱ ነው የመጡት።

«አትድከሚ፤ አይመጣም» አሏት። «እኔ ነኝ አምና አትምጣ ያልኩት። ሰው ማውራት ጀምሮ ነበር። ልጄ ሌላ ትዳር እንድታስብ መንገዱን ልቀቅላት ብዬ ለመንኩት። እሺ ብሎኝ ሄደ።»

ነቢላ ብሩሹን ጄሪካኑ ላይ አስቀመጠች።

«ታዲያ ለምን አሁን ነገርከኝ፣ አባዬ?»

አቶ ሀሰኖ ኮረብታውን ቁልቁል አዩ። «በዚያ እግርሽ ተንበርክከሽ አየሁሻ» አሉ።

ሐሙስ ዕለት የሥራ ባልደረባዋ ኦብሴ እንድትለካላት አድርጋ ወደ ሮቤ በሚኒባስ ሄደች። ጅብሪልን አንድ ግቢ ውስጥ የመስኮት ፍሬም ሲልግ አገኘችው። ሲያያት ቀና አለ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ። የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጡ። መላጊያው እግራቸው ሥር ወድቆ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችው። «ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም? አሠሪህን ፈርተህ ነው?»

ጅብሪል ራሱን ነቀነቀ።

«እሱንስ እንጨቱ እርጥብ ነው ብዬ ተጣልቼው ነበር። ልክ ነህ፣ ተወውና ወደ አገርህ ሂድ፤ ጥድ ሲገኝ ሌላ ሰው ይሠራዋል አለኝ። ሥራው ከጀመረ ሳምንቱ ነበር። አንቺን ካወቅኩም ሳምንቴ። ከሄድኩ ሁለተኛ አላይሽም ብዬ ነው የሠራሁት። ይህን ሆስፒታል ውስጥ ብነግርሽ ምክንያት የደረደርኩ ይመስለኝ ነበር።»

ነቢላ እጆቿን አየች። ስንት ዓመት የተጣላችው ከፈሪ ጋር ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ግን ሌላ ነው። ይቅር ለማለት ይህኛው ይቅለል ይክበድ መለየት አቃታት።

«ለእኔ ብለህ እግሬን ሰበርካ» አለችው።

«አዎ» አለ።

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ጅብሪል ሊነካት አልደፈረም፤ ጣውላው ላይ እጁን ወደ እጇ አስጠጋና እዚያው ተወው። እሷም አላነሳችም። ስለ እናቱ፣ ስለ ሁለቱ ኅዳሮች፣ ሲደውል ስለዘጋችበት ስልክ እያወሩ ፀሐይዋ አዘነበለች። ነቢላ ሰዓቱን ረስታው ነበር። ጅብሪል ነው ድንገት የተነሳው።

«ነቢላ፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊወጣ ነው። አሁን ካልሄድሽ ያመልጥሻል።»

ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ሌላ ነገር ነበር የሚለው፤ ፊቱ ቆዪ ነበር የሚላት። አፉ ግን እውነቱን ነገራት። ያኔ ነው ልቧ ያረፈው።

መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ሚኒባሱ ከተማውን ሳይለቅ አባቷ ዘንድ ደወለች። ጅብሪል ሽማግሌ ቢልክ ምን ትላለህ ስትላቸው አቶ ሀሰኖ ብዙ አላሰቡም።

«ቀኑን ንገሪኝ» አሏት።

ኒካሁ በጥር ሆነ። የዚያን ዕለት ጠዋት ነቢላ ለብሳ፣ እጇ ሂና ተቀብቶ፣ ዘመድ ከቧት ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ጅብሪል ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ መጥፎ ወሬ አለኝ አላት፤ ግማሽ መንገድ ላይ የመኪናው ጎማ ፈንድቷል፤ ሚዜዎቹ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደዋል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይዘገያሉ። እንደ እንጨቱ ነገር ዘግይታ እንዳትሰማ ብሎ ነው የደወለው። ሴቶቹ ምን ሆነ፣ ምን ተፈጠረ እያሉ ተጠጓት። ነቢላ ግን ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ከልቧ ትስቅ ነበር።