ያልጠራኋት ድኩላ

እኔ በመተትም፣ በጥላም፣ በምንም አላምንም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም የምነግራችሁን ሰምታችሁ «እሱም እንደነሱ ሆነ» እንድትሉኝ አልፈልግም። አርባ ምንጭ አጠገብ ላንቴ ውስጥ ሙዝና ስኳር ድንች እያለማሁ የምኖር ሰው ነኝ፣ ጉቶ አይቼ ጅብ ነው ብዬ የሮጥኩበት ቀን የለም፣ መንደርተኛው «እዚያ ዛፍ ሥር አትቀመጥ» ካለኝ ምሳዬን ሆን ብዬ እዚያው ነው የምበላው። ሚስቴ ዘነበች «አንተን ካልከለከሉህ አይጥምህም» ትለኛለች፣ ልክ ናት።

ነገሩ የጀመረው ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ፣ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ድኩላ ከጫካው እየወጣ የስኳር ድንቻችንን ቅጠል ይጨርስብን ነበር፣ እኔም ከአባቴ የወረስኩትን ምንሽር ይዤ አልፎ አልፎ አደፍጣለሁ፣ ግን ድኩላ በቀላሉ የሚገኝ አውሬ አይደለም፣ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫው ያያል። ታዲያ ለውጭ አገር አዳኞች መኪና የሚነዳ አርባ ምንጭ ሲቀላ የሚኖር አንድ ሾፌር ትንሽ ጠርሙስ አመጣልኝ፣ «የሴት ድኩላ ጠረን ነው፣ ፈረንጆቹ ይህን ረጭተው ነው ወንዱን የሚጠሩት» አለኝ። ረጨሁት። እመኑኝ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ ብጠብቅ የመጣው የጎረቤት ፍየል ብቻ ነው፣ እሱም ጃኬቴን ሊበላ።

ይህን ለጋሽ አንጁሎ እየሳቅኩ ነገርኳቸው። ጋሽ አንጁሎ የሰፈራችን አንጋፋ አዳኝ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ከካምባ ተራራ እስከ ቆላው ድረስ ያልገቡበት ጫካ የለም፣ ቦርዴ እየጠጣን ነበር፣ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ጠርሙሱን ጣለው» አሉኝ። «አውሬ ከሰው ጠረን ይሸሻል እንጂ ወደ ሰው ጠረን አይመጣም። የማይሸሸው አንድ ጠረን ብቻ ነው።»

«የምን ጠረን?»

«ሚስቱ ያረገዘች ሰው ጠረን። ለዚህ ነው እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው ለአደን የማይወጣው፣ ጎሜ ነው። አውሬው በራሱ ይመጣለታል። ራሱ የመጣልህን እንግዳ ትገድላለህ እንዴ?»

ጎሜ ማለት በጋሞ ዘንድ ቢደፍሩት መዘዙ ቤት ድረስ የሚገባ ክልክል ነገር ነው። እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያንተስ ቤት እንዴት ነው ልጄ?» አሉኝ፣ ያኔ ደሜ ፈላ። ዘነበች ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ አስወርዷታል፣ ይህን ላንቴ በሙሉ ያውቃል፣ ከሁለተኛው በኋላ እኛ ቤት የልጅ ነገር ማንሳት ቀረ፣ ግን እኔ ልጅ እፈልግ ነበር፣ እንዴት እንደምፈልግ ለራሴም መናገር እፈራ ነበር። «እኔ ቤት ምንም የለም» አልኳቸውና ብድግ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ያደረግኩት ነገር የእልህ ነው። አዳኝ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፣ ነፋሱ ከጀርባህ ተነስቶ ወደ ጫካው ከነፈሰ ቤትህ ብትተኛ ይሻልሃል፣ ጠረንህን ይዞ ስለሚሄድ አንድም አውሬ አይቀርብህም። እኔ ሆን ብዬ ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ምንም ሳልደበቅ የማሳዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም ሳይመጣ ሲቀር ለጋሽ አንጁሎ «ይኸው ሞከርኩት» ልላቸው ነው። ምንሽሩን ጭኔ ላይ አጋደምኩት።

መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። ሊመሽ ሲል ወፍ ዝም ይላል፣ ምን ይገርማል፣ አልኩ። ቀጥሎ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ኮሽ አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ኮሽ አለ፣ ያ ፍየል ነው አልኩ። ከዚያ ከጫካው ጫፍ አንዲት ሴት ድኩላ ወጣች፣ አፍንጫዋን አንስታ ነፋሱን እየሳበች፣ ጠረኔ ፊት ለፊቷ እየነፈሰባት። አሁን ትፈረጥጣለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልፈረጠጠችም። በስኳር ድንቹ መሐል አንዲት ቅጠል ሳትቀነጥብ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች፣ እጄን ብዘረጋ እስክነካት ድረስ ቀረበች፣ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ዘነበች ያን ቀን ጠዋት አጥባ የሰጠችኝን ሸሚዝ ቀስ ብላ አሸተተች። ከኋላዋ፣ ጫካው ጫፍ ላይ፣ ሌሎች ሁለት ቆመው ያዩናል።

ምንሽሩን አነሳሁ። አልዋሻችሁም፣ ልተኩስ ነበር፣ ጋሽ አንጁሎን ውሸታም ለማድረግ ስል ብቻ ልገድላት ነበር። አፈሙዙ ደረቷን ነካ። እሷም አፈሙዙን አሸተተችና ፊቷን ወደ ሸሚዜ መለሰች። «ሂጂ» አልኳት፣ አልሄደችም። ያኔ ቤቴ ትዝ አለኝ፣ ዘነበች ትዝ አለችኝ። አልተኮስኩም። ስላመንኩ አይደለም፣ ያን ያህል ተጠግቶ የሚተኮስ አውሬ ስለሌለ ነው።

ወደ ቤት ስሄድ ኮቴዋ ከኋላዬ እስከ አጥሬ ድረስ ተከተለኝ። በሬ ላይ ደርሼ ዞር ስል አንድ ጊዜ ጮኸች፣ የድኩላ ጩኸት የውሻ ይመስላል፣ ከዚያ ጠፋች።

ዘነበች ለእራት የሃላኮ ቅጠል እየቀነጠበች ነበር። ምንሽሩን ሳላስቀምጥ «የደበቅሽኝ ነገር አለ?» አልኳት።

እጇ ቆመ። «ማን ነገረህ?» አለችኝ። «ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። ይኼም እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ነው።»

ምን ልበላት? ድኩላ ነገረችኝ ልበላት? አቅፌያት አለቀስኩ፣ ይኸው ነው።

ኋላ ላይ ነገሩን መላ ላበጅለት ብዙ ደከምኩ። ሰው ያሳደጋት ለማዳ ትሆናለች ብዬ መንደሩን ዞሬ ጠየቅኩ፣ ድኩላ ያሳደገ የለም። የላቤን ጨው ፈልጋ ይሆናል አልኩ፣ ፍየልም እኮ ላብ ይልሳል። ጋሽ አንጁሎ ግን ምንም ሳልነግራቸው፣ የዘነበች ሆድ ገና ሳይታይ፣ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «እንኳን ደስ ያለህ» ብለውኝ አለፉ። ምንሽሩን ከዚያ ወዲህ አልያዝኩትም፣ ዝጎ ነው።

ልጃችን ተወለደች፣ ዘነበችን ግን ልናጣት ነበር፣ አርባ ምንጭ ወስደናት በቀዶ ጥገና ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ከእንግዲህ ማርገዝ የለባትም፣ ካረገዘች አትተርፍም» አለኝ። አንዷ ትበቃናለች አልን፣ ዘነበችም መከላከያ መርፌዋን በጊዜው ትወጋለች፣ ልጄ አሁን ከዶሮዎቹ ኋላ ትሮጣለች፣ ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት ዶማዬን ተሸክሜ ከማሳ ልመለስ ስል፣ ነፋሱ ከእኔ ወደ ጫካው ይነፍስ ነበር፣ ድኩላ ወጣች። ያችው ትሁን ሌላ አላውቅም። ቀጥ ብላ መጥታ ሸሚዜን አሸተተች። ዶማውን አነሳሁባትና «ውሸትሽን ነው» አልኳት፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኳት፣ ሰው ቢሰማኝ አብዷል ይል ነበር። አልሸሸችም።

ዘነበችን ጠየቅኳት። «የለም» አለችኝ። «መርፌዬን መቼ አሳልፌ አውቃለሁ?» ዘነበች አትዋሸኝም፣ እሷ የማታውቀውን ደግሞ ድኩላ ከየት ታውቃለች? አላምንም፣ አሁንም እደግመዋለሁ፣ አላምንም። ውሃ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምቀዳው እኔ ነኝ፣ ጀሪካን እንዳታነሳ ከልክያታለሁ። ቅዳሜ ለልጃችን ጫማ እንገዛለን ብዬ ወደ ሲቀላ ይዣት እወርዳለሁ፣ እግረ መንገዳችንን ሐኪም ያያታል፣ ይህን ገና አልነገርኳትም።

አመሻሽ ላይ ከአጥሩ ውጭ የሆነ ነገር ይጮኻል። «የማን ውሻ ነው?» ትለኛለች። የሰፈራችንን ውሾች ድምፅ አንድ በአንድ አውቃለሁ።

«የጎረቤት ነው» እላታለሁ።