የተጣበቁት ኩባያዎች

እኔ መልኪ፣ የባሕር ጥናት መርከብ ላይ የብረት ገመዱን የምለቅና የምጠቀልል፣ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ጋር የተኳረፍኩ ሰው ነኝ። ውሸቴ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ባንዳ ባሕር ላይ አንድ ቱና ዓሣ ሰዓቴን ውጦ፣ በሦስተኛው ቀን ስንይዘው ኋላ ይቀር የነበረው ሰዓት ተስተካክሎ አገኘሁት ብዬ አሥራ ሦስት ምሩቃን አሳምኛለሁ።

አሥራ አራተኛዋ አላመነችም። ራትሪ ትባላለች፤ ከሰማራንግ ከተማ የመጣች፣ የባሕር ጥናት ጨርሳ ሥራውን መርከብ ላይ ልትለማመድ የወጣች። ፈረቃችን አንድ ነበር። የውሃ መቅጃ ጠርሙሶቹ የታሰሩበት ብረት የት እንደደረሰ እሷ ከውስጥ ስክሪን ላይ እያየች በሬዲዮ ትነግረኛለች፤ እኔ ውጭ ሆኜ ገመዱን እለቃለሁ። አምስት ሺህ ሜትር ወርዶ እስኪመለስ አራት ሰዓት ይፈጃል። አራት ሰዓት ሙሉ ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ፣ እሷ ከግድግዳው ወዲያ።

ሦስት ሺህ ትላለች። ቆይታ፣ ሦስት ሺህ አንድ መቶ። በመሀል እኔ እቀጥፋለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ሬዲዮው ሲዘጋ መርከቡ ላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን እወድሻለሁ አልኳት።

«ይቺንስ የትኛው ዓሣ ዋጣት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «አንተ ልጅ፣ እውነት ስትናገር በምን ይታወቃል?»

ገመዱን መልቀቅ ቀጠልኩ።

በጉዞው የመጨረሻ ቀን ልማድ አለ። ተለማማጆቹ ነጭ የፎም ኩባያ ላይ ስማቸውን ጽፈው፣ ውስጡን ወረቀት ጠቅጥቀው፣ በመረብ ከረጢት ከብረቱ ጋር ይልኩታል። የታችኛው ውሃ ጨምቆ ጨምቆ አውራ ጣት አሳክሎ ይመልሰዋል። ይሄን እንኳ አልዋሸሁም።

ከረጢቱን የማስረው እኔ ነኝ። በአንድ ኩባያ ዙሪያ «ይቺኛዋ እውነት ናት። እወድሻለሁ። መልኪ» ብዬ ጻፍኩ። ከእሷ ኩባያ ወረቀቱን አወጣሁና የእኔን ኩባያ ከተትኩበት። ሲመለስ መዝዛ ታነበዋለች ብዬ።

ወረቀቱ ለምን እንደሚጠቀጠቅ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሁለቱ ኩባያዎች ተጣብቀው አንድ ሆነው ወጡ። ራትሪ ጎተተች፣ በጥፍሯ ፈለቀቀች፤ እንቢ አሉ።

«ምን ጽፈህበት ነበር?»

«ብነግርሽ ታምኛለሽ?»

ዓይኗን ዓይኔ ላይ አቆየችው። ያን ያህል ቅርብ ሆና አይታኝ አታውቅም።

«አላምንህም» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያስ ስበሪው።»

«ቀልድ ቢሆንስ?»

አምቦን ወደብ ላይ ሸሚዟ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ወረደች። እጇን ኪሷ ላይ አድርጋ ስትሄድ ከገመዱ አጠገብ ቆሜ አየኋት። አልዞረችም።

ስድስት ዓመት ሆነ። ዘንድሮ ከሰማራንግ የመጣች አንዲት ተለማማጅ፣ ብረቱ እስኪወርድ ስታወጋኝ፣ ያላገባች አስተማሪ እንዳለቻቸው ነገረችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የተጣበቁ ሁለት ትንንሽ ኩባያዎች አሉ፤ ማንንም አታስነካም።

«ለምን እንደማትሰብረው ስንጠይቃት፣ ‹ካልሰበርኩት እውነት ሊሆን ይችላል› ትለናለች» አለችኝ ልጅቷ። «ምን ተጽፎበት ይሆን?»

ገመዱን ትንሽ ለቀቅ አደረግኩ።

«የቱና ዓሣ ሥዕል ነው» አልኳት።

ወዲያው አመነችኝ።